ኮርኒሱ ላይ የተለጠፈች ዓለም

ቀቢው ከጋራው ቧንቧ ፊቱን ታጥቦ ሲመለስ ፎጣውን ትከሻው ላይ እንደጣለ ከበሩ ውጭ ቆመ። የቆመው ጆሮ ለመጥባት አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ነገር አይወድም። ጫማው ጭቃ ስለያዘ ደጃፉ ላይ ሊጠርገው ነው። ውስጥ ሚስቱ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ልጇን ታስጠናለች። የስምንተኛ ክፍል ማጠቃለያ ፈተና ነገ ያልቃል፤ የቀረው የኅብረተሰብ ትምህርት ብቻ ነው። መጽሐፉ ከመኪናው አጠገብ ተከፍቶ፣ ገጹ እንዳይገለበጥ መቀስ ተጭኖበታል። ሚስቱ በአንድ ዓይኗ ክሩን፣ በአንድ ዓይኗ ጥያቄውን ታያለች።

«ቤተሰብ ማለት ምን ማለት ነው?»

«በደም፣ በጋብቻ ወይም በማደጎ የተሳሰሩ ሰዎች ስብስብ ነው» አለች ልጅቷ፣ ትንፋሽ እንኳ ሳትወስድ።

«የራስሽን ቤተሰብ ዓይነትና የአባላቱን ብዛት ግለጪ፣ ይላል።»

«ነጠላ ወላጅ ቤተሰብ። አባላቱ ሁለት፤ እናትና ልጅ።»

መኪናው ቀጥ አለ። «ጋሼስ?»

«ጋሼ በጋብቻ ያንቺ ናቸው። የእኔ ግን በደምም አይደሉም፣ በማደጎም አይደሉም። መጽሐፉ ላይ የእሳቸው ዓይነት የለም፣ እማዬ። ብጽፈው ኤክስ ነው የሚያደርጉብኝ።»

ቀቢው ሚስቱ አንድ ነገር ትላለች ብሎ ጠበቀ።  እሷ ግን መኪናዋን መርገጥ ጀመረች፣ ገጽ ሲገለበጥም ተሰማው።  ልጅቷ በክፋት እንዳልተናገረችው ያውቃል፤ ክፋት ቢኖርበት እንዲያውም ይቀለው ነበር፤ ተቆጥቶ ይወጣለት ነበር። እሷ ግን ለፈተና የሚሆነውን ትክክለኛ መልስ ነው የመለሰችው። ጫማው ከጠራ ቆይቷል፤ እሱ ግን አሁንም ይጠርጋል።

በኋላ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እግሩን ከወትሮው አጥብቆ እየረገጠ ገባ። «ፕሮፌሰር፣ እንዴት አደርሽ?» አለ ልጅቷን። ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራት በዚህ ስም ነው፤ ሰላም ያላትን ሰው ሳይቀር አስቁማ ታስረዳለችና። «እግዜር ይመስገን፣ ጋሼ። እርስዎስ ደህና አደሩ?» ብላ ተነስታ ሻይ ቀዳችለት። እንከን አይወጣላትም። እናቷን ካገባ ወዲህ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ክፉ ቃል አልወጣትም፣ አንድ ጊዜም ፊቷን አላጠቆረችበትም። ቤታቸው እንግዳ ቢመጣም የምታስተናግደው እንዲሁ ነው። ይህን ያሰበው ገና ዛሬ ነው፤ ሻዩንም ሳይጨርስ አስቀመጠው።

ቤቱ በአሮጌ ባለ ፎቅ ሕንፃ ታችኛው ደርብ ላይ ያለ አንድ ክፍል ነው። ሰፊ ነው እንጂ አንድ ነው። በሩ ጋ ደንበኛ እንደመጣ እንድታስተናግድ የሚስቱ ስፌት መኪና ተቀምጧል፤ ከበሩ ትይዩ ባለው መስኮት ሥር የእሱ ወንበር አለ፤ በመሀል የልጅቷ አልጋ ራስጌውን ግድግዳው ላይ ተደግፎ፣ እግርጌው ወደ ቁም ሣጥኑ ዞሮ ተዘርግቷል። የባልና ሚስቱ አልጋ ጥግ ላይ በመጋረጃ ተከልሏል። ይህ ቤት አንድ ጌጥ ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ያለው ግድግዳ ላይ ሳይሆን ኮርኒሱ ላይ ነው። ከልጅቷ አልጋ በላይ፣ ሙሉ አልጋውን የሚያህል የዓለም ካርታ ተለጥፏል።

የለጠፈው እሱ ነው። ወደዚህ ቤት በገባበት ሰሞን ከላይኛው ደርብ የሚንጠባጠብ ውሃ ኮርኒሱ ላይ ቡናማ እድፍ አውጥቶ ነበር። እድፉ አፍንጫና የተከፈተ አፍ ያለው ይመስላል፤ ልጅቷ «ሰውዬው እያየኝ ነው» እያለች እንቅልፍ አጥታ ነበር። ቀቢው ነገሩን ሲሰማ ደስ አለው። ሙያው ነው፤ አዲስ ቤት ለገባ ሰው ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ ከየት ይመጣል? አንደኛ እጅ ቀባው፤ ቀለሙ ሲደርቅ ሰውዬው ተመልሶ ብቅ አለ። ሁለተኛ እጅ ደገመው፤ አሁንም ብቅ አለ። በሦስተኛው እንዲያውም አፉን አስፍቶ የሚስቅበት መሰለ። ቀቢው ተናደደ። በዚያው ሰሞን ሲቀባ ከነበረው አንድ መሥሪያ ቤት፣ ሠራተኞቹ ከግድግዳ አውርደው ሊጥሉት የነበረውን ትልቅ ካርታ ለምኖ አመጣና፣ ልጅቷ ተኝታ እንድታነበው አናቱን ወደ ራስጌዋ አድርጎ፣ አንድ አረፋ ሳይተው፣ በሙጫ ልጥፍ አደረገው። ሰውዬው ከነአፉ ከውቅያኖስ በታች ቀረ። ልጅቷም ተኛች።

ከዚያ ወዲህ ተኝታም ነቅታም ዓለምን ስታነብ ኖረች። የአገሮች ስም፣ ዋና ከተማ፣ ወንዝ፣ በረሃ ሲጠየቅ ክፍሏን ሁሉ ጥላ ትሄዳለች፤ አስተማሪው «ይቺ ልጅ ቤቷ ምን ይበላል?» እስኪል ድረስ። ቀቢው በዚህ ወሬ ጣልቃ ገብቶ አያውቅም። ግን ልጅቷ አንድ ሩቅ አገር ከነዋና ከተማው ባነበነበች ቁጥር፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ የጥፍሩን ቀለም እየፋቀ፣ «ይቺስ የእኔ ናት» ይላል በሆዱ። ማንም አይሰማውም፤ ደስ ይለዋል።

አንድ ነገር ብቻ አልገባትም፦ የካርታ ንባብ፣ እሱም አቅጣጫ። ምሥራቅና ምዕራብ ሲመጣ ነገር ዓለሙ ይዞርባታል። በሙከራ ፈተናው ከቤቷ እስከ ትምህርት ቤቷ ያለውን ሰፈር ንድፍ እንድትሠራ ታዝዛ፣ ዳቦ ቤቱን በጋራዡ ቦታ፣ ጋራዡን በዳቦ ቤቱ ቦታ አድርጋ፣ ሰሜን የሚያመለክተውን ቀስት ግን ልክ አስቀምጣ አስረከበች። አስተማሪው በቀይ «ሰፈርሽን በመስታወት ነው እንዴ ያየሽው?» ብሎ ጻፈበት። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ነገ ከሚመጣው ውስጥ የካርታ ንባብ ብዙ ቦታ ይይዛል፤ እዚያ ላይ ከተንሸራተተች የፈለገችው ትምህርት ቤት አይቀበላትም። እናቷ ይህን ስታስብ መርፌ ጣቷን ይወጋታል።

ቀቢው ብሩሾቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ወጣ። ሥራው ሁለት መንገድ ተሻግሮ ያለ የጥርስ ሐኪም ቤት ነው፤ የተጠባባቂዎች ክፍልና ደረጃው። የሐኪም ቤቱ ባለቤት «ወተት የመሰለ ነጭ» ብላ ካዘዘች በኋላ ወተቱን ስታየው አልወደደችውም፤ «ትንሽ ሞቅ ያለ ወተት» እንዲሆንላት ትፈልጋለች። ቀለም እንደሆነ እንደ ሽቶ በጠብታ የሚገዛበት ዘመን መጥቷል፤ የተበላሸ አይደፋም። የሥራ ባልደረባው ሬዲዮ ከባልዲው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ፣ በእንጨት እያማሰለ፣ ሳይጠየቅ ያወራል። ሬዲዮ የተባለው ለዚህ ነው፤ ባትሪ ግን አይጨርስም።

«ዛሬ ምን ሆነሃል?» አለው ሬዲዮ። «ግድግዳውን እያሻሸኸው ነው እንጂ እየቀባኸው አይደለም።»

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንድ ሰው ልጅ ካልወለደ፣ ግን ካሳደገ… መጽሐፍ ምን ይለዋል?»

ሬዲዮ ማማሰሉን አቆመ።  «እኔ አምስት አሉኝ» አለ በመጨረሻ። «አንዱን መርጠህ ውሰድ። ትልቁን ከወሰድክ መሰላሌን እመርቅልሃለሁ።» ቀቢውን ሳያስበው ሳቅ አመለጠው። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ዝም ብለው ቀቡ። ሬዲዮ ዝም ማለቱ ከቀልዱ ይልቅ አጽናናው።

ከምሳ በኋላ ሁለተኛውን እጅ ለመድገም ግድግዳው መድረቅ ነበረበት፤ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ለነገ ይሁን ተባለና ቀቢው በጊዜ ወደ ቤቱ ገባ። ሚስቱ የሰፋችውን ልታደርስ ወጥታለች። ልጅቷ አልጋዋ ላይ በጀርባዋ ተንጋላ፣ ያለፈውን ዓመት ጥያቄ ደረቷ ላይ አድርጋ ታነበንባለች። ቀቢው ጠዋቱን ሙሉ አንጋጦ ሲቀባ የቆየ ሰው ነው፤ ወገቡን ለማሳረፍ ከአልጋዋ ጎን ወለሉ ላይ ጋለል አለ። የዘወትር ልማዱ ነው፤ ሌላ ጊዜ ግን መጋረጃው ውስጥ ነበር።

«አንዲት ተማሪ ጠዋት ከቤቷ ስትወጣ» አለች ልጅቷ ጮክ ብላ፣ «ፀሐይ ፊት ለፊቷ ነበረች። ጥቂት ከሄደች በኋላ ወደ ቀኝ ታጠፈች። ወደየትኛው አቅጣጫ እየሄደች ነው?» ዓይኗን ጨፈነች። ጣቷን ወደ መስኮቱ ዘረጋች፤ ወደ ቀኝ አዞረችው። «ሰሜን!» አለች። የመጨረሻውን ገጽ ገልጣ መልሱን አየች። ደቡብ ይላል። ወረቀቱን ወረወረችው፤ ፊቷንም በትራሱ ሸፈነች። «ደነዝ ነኝ» አለች ከትራሱ ሥር። «ሁሉንም አውቄ፣ የሦስተኛ ክፍል ልጅ የሚመልሰው ያቅተኛል። ደነዝ ነኝ።»

ቀቢው ዓይኑን ወደ ኮርኒሱ አነሳ። ካርታውን በጀርባው ተኝቶ ሲያየው ይህ የመጀመሪያው ነው። አምሯል፤ ሙጫው አሁንም አልለቀቀም። የከሰዓቷ ፀሐይ በተከፈተው በር ገብታ እግሩ ላይ አርፋለች፤ ሞቅ አድርጋዋለች። ዓይኑን ከእግሩ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ካርታው ሲያነሳ፣ በበሩ በኩል ካለው ጠርዝ ላይ በትልልቅ ፊደል የተጻፈውን አነበበ። ምሥራቅ፣ ይላል። ፀሐይ በምሥራቅ ልትጠልቅ ነው። ወደ መስኮቱ ዞረ፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ዓይኑን የምትወጋበት መስኮት። ከእሱ በላይ ምዕራብ ተብሎ ተጽፏል።

ቀስ ብሎ ገባው። ልጅቷ ዓለምን የምታውቀው በዚህ ክፍል ነው። ዓይኗን ስትጨፍን የምትሄደው ወደዚህ መስኮት ነው፤ መስኮቱ ላይ ደግሞ ምዕራብ ተጽፎ ሦስት ዓመት አንብባለች። ያሳሳታት ሌላ ማንም አይደለም፤ እሱ ነው። በዚህ ቤት የእኔ ነው የሚለው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ካርታ ነበር፤ እሱም ተገልብጦ ተገኘ። ዝም ቢል ማን ያውቃል? ነገ ፈተናው ያልፋል፤ ከሳምንት በኋላ በዘዴ አውርዶ ይቀባዋል፤ ልጅቷም ጥፋቱን በራሷ እንዳደረገች ትኖራለች። ጠዋት ሁለት ብላ የቆጠረች ልጅ፣ ይህን ብትሰማ ደግሞ ምን ልትል ነው? ከትራሱ ሥር ማልቀሷን ሰማ። 

«ፕሮፌሰር» አለ፣ ከወለሉ ሳይነሳ። «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። የእኔ ነው።» በጣቱ በሩን አሳያት፤ ፀሐይዋን አሳያት፤ ፊደሉን አሳያት። ከዚያ በላይ ማስረዳት አልቻለም። ለምን እንደተገለበጠ እሱም አልገባውም፤ ሰሜኑ ልክ ነው፣ ደቡቡ ልክ ነው፣ ታዲያ እነዚህ ሁለቱ ምን ሆነው ተቀያየሩ?

ልጅቷ ቁጭ አለች። በሩን አየች፤ ኮርኒሱን አየች። ባዶ እግሯን ወጥታ ግቢው መሀል ቆመች። ቀቢው በተከፈተው በር አያት፤ ፊቷን ወደ ፀሐይዋ፣ ጀርባዋን ወደ ፀሐይዋ እያደረገች እንደ ልጅ ጨዋታ ትዞራለች። አለቀልኝ አለ። መሰላሉን ከመጋረጃው ጀርባ አውጥቶ አልጋው አጠገብ ተከለው፤ ቢያንስ ይህን ጉድ በገዛ እጁ ያወርዳል። ሁለት እርከን እንደወጣ ተመልሳ ገባች። መጽሐፏን አነሳችና ወለሉ ላይ ዘረጋችው፤ ቀጥሎ ከራሷ በላይ አንስታ አንጋጣ አየችው፤ እንደገና ወለሉ ላይ አደረገችው። ሦስተኛ ጊዜ ስታነሳው ሳቀች።

«ካርታ እኮ ከላይ ወደ ታች ነው የሚታየው!» አለች። «መሬት ላይ ቢነጠፍ ልክ ነበር። ኮርኒስ ላይ ሲወጣ አናቱ ሰሜን እንደሆነ ይቀራል፤ ግራና ቀኙ ግን ይለዋወጣል። ሦስት ዓመት ሙሉ ዓለምን ከሆዷ በኩል ነው ያየኋት ማለት ነው!» ከዚያ ሳቋን አቁማ መሰላሉ ላይ ያለውን ቀቢ አየችው፤ ዓይኗ እንደረጠበ ነው። «ታዲያ እኔ ደነዝ አይደለሁማ!»

«ማን አለሽ?» አለ ቀቢው።  «ደነዙ እዚህ መሰላል ላይ ነው ያለው። ቆይ፣ አሁኑኑ ልገንጥልልሽ።»

«እንዳይነኩት!» ጮኸች። «ሁሉም አገር ያለው እዚያ ላይ ነው። ነገ የምጽፈው እዚያ እያየሁ ነው፤ በሐሳቤ። ዛሬ ካወረዱት ያ ሰውዬ ይመጣብኛል።» ቀቢው የእድፉን ሰውዬ ረስቶት ነበር። ከመሰላሉ ወረደ።

ምን ይሻላል ተባለ። እሱ ግድግዳዎቹ ላይ ትክክለኛውን አቅጣጫ በትልቁ ልጻፍልሽ አለ፤ ብሩሹም እጁ ላይ ነው። እሷ ራሷን ነቀነቀች። ፊደል ከፊደል ጋር ይጣላብኛል፤ ዓይኔን ስጨፍን የትኛው እንደሚመጣ አላውቅም፤ የማይጠፋኝ ነገር ነው የምፈልገው አለች። ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየችው። መጨረሻ ላይ ዓይኗ መስኮቱ ሥር ካለችው ወንበር ላይ አረፈ። ከፕላስቲክ የተሠራች፣ እግሯ ነጭ ቀለም የጠጣች ወንበር።

«አንተ ሁሌ እዚያ አይደል የምትቀመጠው?» አለችው። «ሂድ ተቀመጥ እስቲ።»

ሄዶ ተቀመጠ። በዚያው ቅጽበት እናትየዋ ባዶ ቅርጫቷን ይዛ ገባች። መሰላል ተተክሎ፣ ባሏ ልብስ ሊለካ እንደመጣ ደንበኛ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ ልጇ ባዶ እግሯን አልጋ ላይ ቆማ ስታይ ቅርጫቱ ከእጇ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። «ምን ሆናችኋል?» ስትል፣ «እማዬ፣ መኪናሽ ጋ ቁጭ በይ፣ ኋላ እነግርሻለሁ» ተባለች። ተቀመጠች። ልጅቷ በጀርባዋ ተጋድማ ዓይኗን ጨፈነች፤ እናቷንም ከወረቀቱ እንድትጠይቃት አዘዘች።

እናት ጠየቀች። ጠዋት ነው፤ ተማሪዋ ፀሐይን ፊት ለፊቷ አድርጋ ትሄዳለች። «ወደ ጋሼ እየሄድኩ ነው፤ ምሥራቅ» አለች ልጅቷ። ወደ ቀኝ ታጠፈች። «ቁም ሣጥኑ ጋ፤ ደቡብ።» ጠዋት ጥላ ወዴት ይወድቃል? «እማዬ ላይ፤ ምዕራብ።» ማታ ፀሐይ ከጀርባዋ ናት፣ ወዴት ትሄዳለች? «አሁንም ወደ ጋሼ።» እየቸኮለች፣ እየሳቀች መለሰች። እናት የመጨረሻውን ገጽ ገልጣ አየች፣ መልሳ አየች፤ ከዚያ ባሏን አየችው። እሱ ጥፍሩ ላይ ያለውን ቀለም ይፍቃል፤ ቀለም ግን አልነበረበትም፣ ሲመጣ ቀለም በሚያስለቅቀው አኳራጅ አጥቦት ነው የገባው። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም፤ የት እንደሚያደርገው ስለጨነቀው ነው የሚፍቀው።

ነገሩ ሁሉ ተተረከ። ኮርኒሱ ታየ፣ ፀሐይዋ ታየች፣ ሚስቱ አፏን በመዳፏ ይዛ ሳቀች፤ «ሦስት ዓመት ሙሉ ፀሐይዋን የማያት ለልብስ ማስጫ ብቻ ነበር» አለች። ጊዜው ወደ መሸት ሲል ዳቦ ተቆርሶ፣ ሻይ ተፈልቶ ተጠጣ። ልጅቷ ብርጭቆዋን ሳትጨርስ ወደ አልጋዋ ተመለሰች፤ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፣ አልፎ አልፎ አንድ ዓይኗን ከፍታ ወንበሩን ታያለች። እናቷ የጠዋቱ ነገር ከሆዷ አልወጣም ነበር መሰለኝ፣ መጽሐፉን አንስታ ያንን ገጽ ፈለገች።

«ያ የቤተሰብ ጥያቄስ?» አለች፣ እንደ ዋዛ። «ነገ ቢመጣ ስንት ነን ብለሽ ልትጽፊ ነው?»

ቀቢው ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

«እማዬ፣ አትበጥብጪኝ» አለች ልጅቷ ዓይኗን ሳትገልጥ። «እሱን ምዕራፍ ጨርሰነዋል። አሁን ካርታ ላይ ነን።»

እናት መጽሐፉን ዘግታ መጥረጊያውን አነሳች። ከመኪናው ሥር የክር ቁርጥራጩን ጠረገች፣ በአልጋው ዙሪያ ጠረገች፣ መስኮቱ ጋ ስትደርስ ባሏን በመጥረጊያው እጀታ ነካ አደረገችው። «አንተ ሰውዬ፣ ተነስ እስቲ ልጥረግበት።» ቀቢው ወንበሩን ይዞ ብድግ ሲል ከአልጋው ጩኸት ተሰማ።

«እንዳይነሳ! ተይው እማዬ! እሱ ከተነሳ ነገ ፀሐይ በየት ልትወጣ ነው?»

ቀቢው ተመልሶ ዘፍ አለ። ሁለት ብርጭቆ ሻይ ጠጥቷል፤ ወደ ውጭ መውጣት ካማረው ቆይቷል። ሚስቱ መጥረጊያዋን ይዛ ጠበቀችው። እሱ ሁለት እግሩን ወደ ላይ አነሳላትና ከሥሩ ጠረገችው።